አጥንት የሌለው መደብ

ሰኞ ከሰዓት በኋላ ልክ ስምንት ሰዓት ሲሆን ዘበኛው በሩን ከውጭ ይቆልፍብናል። አሥር ሰዓት ላይ ይከፍትልናል። በመካከሉ ያሉት ሁለት ሰዓቶች የውይይት ክበብ ይባሉ ነበር።

በሩ መቆለፍ የጀመረው ሰው እየሾለከ ስላስቸገረ ነው። መሥሪያ ቤታችን ከሐይቁ ብዙም አይርቅም። በመጀመሪያዎቹ ወራት ሰዉ ስሙን ይፈርምና "ሽንት ቤት ደርሼ ልምጣ" ብሎ ይወጣል፤ ትንሽ ቆይቶ ሐይቅ ዳር የዓሣ ሾርባ ፊት ለፊቱ አድርጎ ይገኛል። ይህን የደረሰበት አንድ ብልህ ከበላይ ሆኖ ቁልፍ አዘዘልን። አራት አራት፣ አምስት አምስት አድርገው በየክፍሉ ከፋፈሉን፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ የሚነበብ መጽሔት ሰጡን፤ ከዚያ ክርችም። የክበቡ ሰብሳቢ ከቡድን ቡድን እየዞረ ያወያያል ተባለ። እሱ ግን አብዛኛውን ጊዜ ለሌላ ስብሰባ ይጠራል። ሰብሳቢዎቹንም የሚሰበስብ ነበረ።

እኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነበር። ሥራዬ ንድፍ ነው። በነዚያ ዓመታት በአዋሳ ዙሪያ ለመንደር ምሥረታ ከተሠሩት ካርታዎች ብዙዎቹ በእጄ አልፈዋል። ገበሬው ከየጓሮው ተነሥቶ በረድፍ የሚሰፍርበትን ቦታ በካልክ፣ ብርሃን በሚያሳልፈው የንድፍ ወረቀት ላይ አሰምራለሁ፤ ቤቱ ሁሉ እኩል፣ ጓሮው ሁሉ እኩል፣ መንገዱ ቀጥ ያለ። ሰዎቹ ሳይጠየቁ እንደሚሰፍሩ አውቃለሁ። እኔንም ማንም ሳይጠይቀኝ ነው ትምህርት ስጨርስ አዋሳ የመደቡኝ። ከተማዋን አልጠላኋትም፤ ሐይቋም ዛፏም ያምራል። ግን ካልወጡበት ያማረ ቦታም ያው ግቢ ነው።

እናቴ ደብረ ማርቆስ ብቻዋን ቀርታለች። ወንድሜን ለብሔራዊ ውትድርና ወስደውታል። አንድ ዓይኗ ጠፍቷል፤ ሁለተኛውም ዓመት አይቆይም ብሎ ሐኪሙ ነግሯታል። በጎረቤት ልጅ እጅ ባስጻፈችልኝ ደብዳቤ ላይ "ዓይኔ ሳይጨልም መጥተሽ ልይሽ" የሚል ነበረበት። ደብዳቤውን ያነበብኩት ካርታ እየሠራሁ ነበር፤ ያን ቀን የሠራሁት መንገድ ተጣሞ እንደገና ሠራሁት። ወደ ደብረ ማርቆስ ለመዛወር ሦስት ጊዜ አመለከትኩ። ሦስቱንም ጊዜ "የሥራው ሁኔታ ስለማይፈቅድ" ተብሎ ተመለሰልኝ። የዓመት ፈቃድስ? የዓመት ፈቃድ በመንደር ምሥረታው ዘመቻ ምክንያት ታግዷል። ዝም ብሎ መሄድስ? ከከተማ ለመውጣት የይለፍ ወረቀት ያስፈልጋል፤ የይለፍ ወረቀት ለማግኘት ደግሞ የፈቃድ ደብዳቤ። ውኃ ቢወቅጡት እንቦጭ ነው።

አራተኛውን ማመልከቻ ሳስገባ የአስተዳደር ክፍሉ አዲስ ነገር አመጣ። የውይይት ክበቡ ሰብሳቢ ስለ እኔ የሚሰጠው አስተያየት በጽሑፍ ይያያዝበት አለ። ስለዚህ እናቴ እኔን ማየቷና አለማየቷ በአንድ ሰውዬ ብዕር ላይ ተንጠለጠለ።

የእኛ ቡድን የሚቆለፍበት ክፍል የካርታ ማስቀመጫው ነበር። ፍርግርግ ያለው አንድ መስኮት፣ ረጅም ጠረጴዛ፣ የካርታ መሳቢያዎች። አራት ነበርን። የንብረት ክፍል ኃላፊው ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው፤ በልጅነታቸው የቆሎ ተማሪ ነበሩ፤ ጋሼ እንላቸዋለን። ታይፒስቷ የእኔ እኩያና ጓደኛዬ ናት። ወላይታ ናት፣ ጴንጤ ናት፤ ቤተ ክርስቲያናቸው ከታሸገ ወዲህ በየቤቱ እየተሰበሰቡ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይዘምራሉ። አራተኛው ሾፌሩ ነው፤ የሲዳማ ሰው፣ የአምስት ልጆች አባት፣ ነገር ሲናገር የማይቸኩል።

ጨዋታው የተጀመረው መጽሔቱን ለሦስተኛ ጊዜ አንብበን ስንጨርስ ነው። ጋሼ ስለ አንድ ደብተራ ማውራት ጀመሩ። ደብተራው በድግምት ከታሰረበት ይሰወራል፣ ወዲያው ደግሞ ይያዛል። ታይፒስቷ ፊቷን አጠቆረች።

"ድግምት ከተነሣ እኔ ጆሮዬን ነው የምይዘው" አለች።

ሾፌሩ ግን ነገሩ ጥሞታል። "እኔ እሱን ብሆን በዚያ በኩል አልሄድም ነበር" አለ። ጋሼ ተናደዱና "እስቲ አንተ ብትሆን በየት በኩል ትሄዳለህ?" አሉት። "እኔ ብሆን"፣ "እኔ ብሆን" እየተባባልን አሥር ሰዓት ሆነ። ዘበኛው በሩን ሲከፍት ማንም ከወንበሩ አልተነሣም። እንዲህ ያለ ነገር በክበቡ ታሪክ ታይቶ አይታወቅም።

በሚቀጥለው ሰኞ ከቁርጥራጭ ካልክ ላይ አንድ ደሴት ሣልኩ። ዙሪያውን ውኃ፣ በመካከሉ ግንብ፣ በዳር በሰንሰለት የታሰረ ጀልባ። ሰዎቹ እኛው ነን፤ መውጣት እንፈልጋለን። ለእያንዳንዳችን አንድ ኃይል ይሰጠናል። ታይፒስቷ መንፈስ የማይጠራበት፣ ስም የማይደገምበት፣ ደም የማይነካበት ከሆነ እገባለሁ አለች፤ ተስማማን። እሷ ራቅ ብሎ የሚነገረውን መስማት መረጠች፤ "መስማት ኃጢአት አይደለም" ብላ። ሾፌሩ እንስሳ ሁሉ እንዲታዘዘው ፈለገ፤ ጉማሬ ላይ መቀመጥ ከድሮም ያምረው ነበር። ጋሼ ማንኛውንም ቁልፍ ያለ መክፈቻ እከፍታለሁ አሉ።

"ሃያ ዓመት የቁልፍ ዘለላ ተሸክሜአለሁ" አሉ። "አሁን ይብቃኝ።"

እርሳሱን የያዝኩት እኔ ስለሆንኩ ዳኛዋም እኔ ሆንኩ። ጨዋታው ተጀመረ፤ ጋሼ የግንቡን በር ከፈቱ፣ የጀልባውን ሰንሰለት ፈቱ፣ ተሳፈርን፣ ወጣን። ሰዓቴን ሳይ ስምንት ከሃያ ይላል። እርስ በርስ ተያየን። ነፃ የወጡ ሰዎች እንደዚያን ቀን ተኮራርፈው አይቼ አላውቅም። አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ በዚያ ክፍል ውስጥ ከማንም ጋር ሳንነጋገር ተቀመጥን፤ ሾፌሩ የጉማሬው ተራ ስላልደረሰው ጭራሽ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

መድኃኒቱን ያመጡት ጋሼ ራሳቸው ናቸው። በዓል ሲመጣ የመሥሪያ ቤቱን ቅርጫ የሚመድቡት እሳቸው ነበሩ። በሬው ይታረድና ሥጋው በመደብ በመደብ ይከፈላል፤ ከሹልዳውም፣ ከጉበቱም፣ ከጨጓራውም፣ ከአጥንቱም ለእያንዳንዱ መደብ ይደርሰዋል። ከዚያ ባለድርሻው ሁሉ ቁልፍም፣ ክብሪትም፣ ቀለበትም፣ የያዘውን ምልክት ይሰጣል፤ ጀርባውን ያዞረ ሰው ምልክቶቹን እየተቀበለ በየመደቡ ላይ ያኖራል። ዕጣ ከወጣ በኋላ ማጉረምረም ነውር ነው፤ አለቃም ዘበኛም የደረሰውን ተሸክሞ ይሄዳል።

"ያጠፋነው እዚህ ላይ ነው" አሉ ጋሼ። "አጥንት የሌለው መደብ የለም። ካያችሁ መዳቢው ሌባ ነው። የእኔ ኃይል ጮማ ብቻ ነበር።"

ስለዚህ ለእያንዳንዱ ኃይል አጥንት መፈለግ ጀመርን። ቀላል ይመስላችኋል? ሦስት ሳምንት ፈጀብን። መጀመሪያ ጋሼ ሱባኤ አሉ፤ ኃይሉን የሚጠቀም ሰው በፊት ሰባት ቀን ይጹም። ሞከርነው። ማንም ሰባት ቀን ሊጾም አልፈለገም፤ አራታችንም ደሴቱ ላይ እጃችንን አጣጥፈን ተቀመጥን፤ ለዚህማ የካርታው ክፍል ይበቃን ነበር። ቀነስነው፤ አንድ ምሳ መዝለል አደረግነው። ሾፌሩ ምሳውን እየዘለለ በአንድ ቀን የሐይቁን ጉማሬ ሁሉ ሰበሰበ። ከዚያ አንዱ የሌላውን አጥንት ይወስን አልን። ሾፌሩና ጋሼ ደግሞ በአንድ የመለዋወጫ ጎማ የቆየ ቂም አላቸው፤ ጋሼ "እንስሳ ባዘዘ ቁጥር አንድ ጥርሱ ይውለቅ" ብለው ፈረዱበት። ሾፌሩም በተራው የጋሼን ሁለት እግሮች ወሰደ። ልለያያቸው ስል የካልክ ወረቀቱ ተቀደደ።

ያን ቀን ሾፌሩ ሽማግሌዎች ሶንጎ ሲቀመጡ አያቱ ይሉት የነበረውን ነገረን። ሶንጎ የአገራቸው ሽማግሌዎች ዛፍ ሥር ተቀምጠው ነገር የሚያዩበት ሸንጎ ነው። አያቱ በሰው ላይ ቅጣት ለሚያቀርብ ሰው፣ "መጀመሪያ አንተ አንድ ቀን ተሸከመው፤ ከዚያ እናወራለን" ይሉት ነበር። ይህን ደንብ አደረግነው። አጥንቱን የሚመርጥ ሰው አንድ ሰኞ ሙሉ ራሱ ይሸከመዋል። ጋሼ ጥርሳቸውን በምላሳቸው ዳሰስ ዳሰስ አደረጉና ፍርዳቸውን አነሡ።

ከዚያ በኋላ ነገሩ በራሱ ተስተካከለ። ጋሼ አንድ ቁልፍ ሲከፍቱ ከራሳቸው ንብረት አንዱ ይጠፋል፤ ለንብረት ኃላፊ ከዚህ የባሰ የለም። ታይፒስቷ የሩቁን ስትሰማ ፀሐይ እስክትጠልቅ የቅርቡን አትሰማም። ሾፌሩ እንስሳው የተሸከመውን ያህል ሸክም ያንኑ መንገድ በእግሩ ተሸክሞ ይመለሳል። በመጨረሻ ታይፒስቷ አንድ ነገር አስጻፈችኝ፤ ማንኛውም ኃይል በሰው ልብ ላይ አይሠራም። ጋሼም አንድ አስጨመሩ፤ ዕጣ ከወጣ በኋላ ማንኛውም ኃይል አይሠራም።

ደንቡን በንድፍ ብዕሬ በራፒዶግራፍ፣ በጥሩ ጽሕፈት፣ ደሴቱን እንደገና በሣልኩበት አዲስ ካልክ ዳር ላይ ጻፍኩት። ሳምንቱን ሙሉ ለማላውቃቸው ሰዎች እኩል ቤት ስሰፍር ውዬ፣ ሰኞ ሰኞ አራት ሰዎች በአንድ ጥርስ ጉዳይ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ደስ ይለኝ ነበር። እንዲያውም በዚያ ዘመን ደስ ያለኝ በዚያ በተቆለፈው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው፤ ይህም ያናድደኛል።

አንድ ሰኞ በሩ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ተከፈተ። ሰብሳቢው ነበር። ካልኩን ለመደበቅ ጊዜ አልነበረንም። አንሥቶ ወደ መስኮቱ ወሰደው። ወረቀቱ ላይ ምን እንዳለ አስቡት እንግዲህ፤ ሐይቅ፣ ግንብ፣ የጠባቂዎች ማደሪያ፣ ጀልባ፣ የሚያመልጡ አራት ሰዎች። በዚያ ዘመን ከዚህ ባነሰ ወረቀት ሰው ከቤቱ ተወስዷል። የጋሼ ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ፤ እየጸለዩ ነበር።

"ይህ ምንድን ነው?" አለ።

ውሸት ብፈልግ አልመጣልኝም። "ጨዋታ ነው፣ ጓድ" አልኩና ሁሉንም ነገርኩት፤ ደሴቱን፣ ኃይሉን፣ አጥንቱን። እሱ የካርታው መሳቢያ ላይ ተቀመጠና ደንቡን ከላይ እስከ ታች አነበበው። ሠላሳ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፤ ድሮ የጂኦግራፊ አስተማሪ ነበር ይባላል። ካኪው ሁልጊዜ የተተኮሰ፣ ዓይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ።

"አጥንት" አለና ፈገግ አለ። "ባለፈው ፋሲካ ጋሼ የመደቡት ዕጣ ለእኔ አጥንቱን ብቻ አድርሶልኛል።" ማናችንም ልንስቅ አልደፈርንም። ከዚያ "ለእኔስ ምን ኃይል ይደርሰኛል?" አለ።

እምቢ የሚል ማን ነው? ይምረጡ አልነው። ጥቂት አሰበና፣ ያዘዝኩት ሰው ያዘዝኩትን ያድርግ አለ።

"ሰው ላይ አይሠራም!" አለች ታይፒስቷ። ቃሉ ከአፏ ካመለጠ በኋላ ነው የደነገጠችው። እሱ እሷን ያያል፤ እሷ ጠረጴዛውን ታያለች። ዳኛዋ እኔ ነኝ፤ ዳኝነት እንዲህ ያለ ቀን እንደሚመጣበት አስቤ አላውቅም ነበር።

"ይሠራል እንበል" አልኩ ቶሎ ብዬ። "ግን አጥንት ይኖረዋል። ያዘዙት ሰው ከዚያ ወዲያ ካልጠየቁት በስተቀር ምንም ነገር አይነግርዎትም። ጠላት ቢመጣብዎትም፣ ቤትዎ ቢቃጠልም፣ ካልጠየቁት ዝም ይላል።"

"ከባድ ነው" አለ። ቀጥሎ "ግን ልክ ነው" አለ። ቀይ ብዕሩን አወጣና ከደንቡ ሁሉ ሥር፣ ከዕጣው መስመር ቀጥሎ ፈረመ። እንደ ደንቡ አጥንቱን የመረጥኩት እኔ ስለሆንኩ ያን ቀን ተሸከምኩት። ካልጠየቅኳቸው በስተቀር ማንም ምንም አልነገረኝም። ብቸኝነቱ ከጨዋታ አለፈብኝ።

ስንወጣ ጋሼ በጆሮዬ "እንዳያማህ ጥራው፣ እንዳይበላ ግፋው" አሉኝ።

ከዚያን ቀን ወዲህ ሰብሳቢው ሰኞ ሰኞ አልቀረም። ሌላውን ቡድን ሁሉ ትቶ እኛ ጋ ይመጣል፤ በሩን ራሱ ከውስጥ ይቆልፋል። ኃይሉን ግን አንድም ቀን አልተጠቀመበትም። በጨዋታው ድንጋይ ተሸክም ሲባል ይሸከማል፤ ተራውን ይጠብቃል፤ ሾፌሩ ሲያሾፍበት ይቀበላል። አንድ ቀን ከመሬት ተነሥቶ፣ "እኔ እኮ እውነተኛውም አጥንት አለብኝ" አለ። "ስድስት ዓመት ሙሉ ሳልጠይቀው አንድ ነገር የነገረኝ ሰው የለም። ሚስቴም ጭምር።" እኔ ላዝንለት አልፈለግኩም፤ ግን አዘንኩለት፤ በራሴም ተበሳጨሁ።

በኮሪደር ሳገኘው ስለ ማመልከቻዬ እጠይቀዋለሁ። "ጠረጴዛዬ ላይ ነው፣ እያየሁት ነው" ይለኛል። በዚህ መካከል ከእናቴ ሌላ ደብዳቤ መጣ። መብራትንና በበሩ የሚገባን ሰው ትለያለች እንጂ ሰውዬው ማን እንደሆነ በድምፁ ነው የምታውቀው።

ጀልባውን ፈትተን የምንወጣበት ሰኞ ደረሰ። የሐይቁን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነበርኩ፤ ጨዋታው በሃያ ደቂቃ እንዳያልቅ ብዬ። አንድ ሰው ደሴቱ ላይ ቀርቶ ገመዱን ካልያዘ ጀልባው ከማዕበሉ አያልፍም። ማን ይቀራል? እንደ ቅርጫው ዕጣ ይውጣ ተባለ። ለዳኛም ስለማይቀርለት አምስት ቦታ ሣልኩ፤ አራቱ በጀልባው ውስጥ፣ አንዱ ገመዱ ጋ። ጋሼ የቁልፍ ዘለላቸውን፣ ታይፒስቷ የፀጉር ጌጧን፣ እኔ መቅረጫዬን፣ ሾፌሩ የሸሚዙን ቁልፍ ሰጠን፤ ሰብሳቢው የቀይ ብዕሩን ክዳን። ሾፌሩ ጀርባውን አዙሮ እየተቀበለ አኖረ።

ቀዩ ክዳን ገመዱ ላይ ወደቀ።

ሰብሳቢው ክዳኑን ትንሽ አየውና ቀና አለ። ፊቱ ላይ ሳቅም ቁጣም አልነበረም።

"አዝዣለሁ" አለ። "በእኔ ቦታ ታይፒስቷ ትቅር።"

ጋሼ አሳላቸው። ዓይናቸው "ልጄ፣ እለፊው፣ ዝም አይነቅዝም" ይለኛል። ሾፌሩ በመስኮቱ ወደ ውጭ ያያል። ሰብሳቢው ወደ እኔ ዞረና "ዳኛ?" አለ።

ያሰብኩትን ልደብቅ አልችልም። ጠረጴዛው ላይ ያለውን ወረቀት አሰብኩ። የእናቴን ዓይን አሰብኩ። ጨዋታ ነው አልኩ ለራሴ፤ ካልክ ላይ ያለ ጀልባ ነው፤ "ይሠራል" ብል ማን ይሞታል? አፌን ልከፍት ነበር። ያኔ ታይፒስቷ እጇን ዘረጋችና የፀጉር ጌጧን ከጀልባው ውስጥ በገዛ እጇ አንሥታ ገመዱ ላይ አስቀመጠችው። ሳልፈርድባት ታዘዘች። ልቤ ነደደ። በእሱ አይደለም፣ በእሷም አይደለም፤ እጇ እንዴት እንደለመደው አይቼ ነው።

ጌጡን አነሣሁና ወደ ቦታው መለስኩት።

"አይሠራም" አልኩ። "ዕጣው ወጥቷል። ከሥሩ ፈርመውበታል። የሚቀሩት እርስዎ ነዎት።"

ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ። ሰብሳቢው ካልኩን ወደ ራሱ ሳበውና ፊርማውን አየ። ካየ በኋላም ቀና አላለም። ታይፒስቷ በጠረጴዛው ሥር እጄን ያዘችኝ።

"እቀራለሁ" አለ በመጨረሻ። ከዚያ ሳቀ፤ ከሆዱ፣ እንደ ልጅ፣ ዕንባው እስኪመጣ። ክዳኑን ገመዱ ላይ ደህና አድርጎ ተከለው። እኛ ሄድን፤ እሱ ከደሴቱ ሆኖ እጁን አውለበለበልን። አሥር ሰዓት ላይ በሩን ከከፈተ በኋላ እጄን ጨበጠና "እግዜር ይስጥሽ" አለኝ። እንደ እሱ ካለ ሰው አፍ ይህ ቃል ሲወጣ አራታችንም እንዳልሰማ ሆንን።

ያን ሳምንት ከደስታዬ መሬት አልረገጥኩም። ጋሼ "አንቺ ልጅ፣ ልታስፈጂን ነበር እኮ" እያሉ በየኮሪደሩ ይስቃሉ። ሾፌሩ ከይርጋለም መልስ አንድ ዘለላ ሙዝ አመጣልኝ። እኔ ሻንጣዬን ከአልጋ ሥር ጎትቼ አቧራውን ጠረግኩ። እውነት ተናግሬ አመሰገነኝ፤ እንግዲህ የሚጽፈው ጥሩ ነገር ነው ብዬ አልተጠራጠርኩም።

አልተሳሳትኩም። ሐሙስ ረፋዱ ላይ ታይፒስቷ ንድፍ ክፍል መጣችና የካርቦን ግልባጩን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠችው። ራሷ ናት የተየበችው። ዓይኗ ቀልቷል። "ከሌላ ሰው እንዳትሰሚው ብዬ ነው" አለችኝ።

የሰብሳቢው አስተያየት ግማሽ ገጽ ይሆናል። ቅን ናት፣ ለማንም አታዳላም፣ ደፋር ናት ይላል። በክበቡ ውስጥ ሰው ያለ ፍርሃት የሚነጋገረው በእርሷ ምክንያት ነው ይላል። በዘመኑ ስለ ሰው እንዲህ ተጽፎ አይቼ አላውቅም። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር፣ "መሥሪያ ቤታችን ይህችን ባልደረባ የሚያጣበት ምክንያት አይታየኝም" የሚል ነበር። ከሥሩ የአስተዳደር ክፍሉ በአንድ መስመር፣ "በአስተያየቱ መሠረት ዝውውሩ አልተፈቀደም" ብሏል።

ወደ ቢሮው ሄድኩ። ስገባ ከወንበሩ ተነሣ፤ ለእኔ ተነሥቶ አያውቅም ነበር።

"አየሽው?" አለኝ። "ከልቤ ነው የጻፍኩት።"

"እናቴ..." አልኩ።

"አውቃለሁ፤ ማመልከቻሽን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። ግን አንቺ ከሄድሽ..." አለና ተወው። እጁ ቀዩን ብዕር ያዞራል። "ሰኞ አዲስ ደሴት እንጀምራለን። እኔ ግን ከእንግዲህ ያን ኃይል አልፈልግም። ሌላ ስጪኝ።"

ምስጋና እየጠበቀ ነበር። በክፋት አድርጎት ቢሆን ኖሮ እረግመው ነበር፤ መርገም አውቃለሁ፣ የጎጃም ልጅ ነኝ። የወደደኝን ሰው ምን ብዬ ልርገመው? "አመሰግናለሁ፣ ጓድ" ብዬ ወጣሁ። ያችን ምስጋና ዛሬም አልዋጥኳትም።

ከቢሮው ወጥቼ እግሬ መናኸሪያ ወሰደኝ። የአዲስ አበባ አውቶቡስ ይጭናል፤ ረዳቱ ይጣራል፤ በሩ ላይ ሁለት ሰዎች የይለፍ ወረቀት ያያሉ። ቆሜ አየሁትና ዞርኩ። እዚያው አጠገብ አንድ ፎቶ ቤት ነበር። ገብቼ ተቀመጥኩ። ፎቶ አንሺው ፈገግ በይ አለኝ፤ አልሆነልኝም፤ እንደገና ሞከረ። ካሉት ሁሉ ትልቁን አጠባ አዘዝኩ፤ ፊቴ ወረቀቱን ሙሉ እንዲሞላው። በቀሪው ዓይኗ አስጠግታ እንድታየኝ ወደ ደብረ ማርቆስ በፖስታ ላክሁት።

ሰኞ ስምንት ሰዓት ላይ ሰብሳቢው በሩን ከውስጥ ቆለፈ። ወንበሬን ስቦ አቀረበልኝ። አዲስ ካልክ ዘረጋሁና ደሴት ሣልኩ።

መልሱ ከስድስት ሳምንት በኋላ መጣ፤ በዚያው በጎረቤት ልጅ ጽሕፈት። "ፎቶሽ ደርሶኛል" ይላል። "ጎረቤቶቼ ተሰብስበው አዩትና ምን እንደምትመስዪ ነገሩኝ። ከስታለች አሉኝ። እውነት ነው?"